የውሰት ንባብ፦ የጉርምስና ዕድሜ አንባቢና የአማርኛ መጽሐፍ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስለ ደራሲው፣ ስለ ማተሚያ ቤቱና ስለ ሳንሱሩ ብዙ ተጽፏል፤ መጽሐፉን ተቀብሎ ሲያነብ ያመሸው፣ ዕድሜው በአሥራ ሁለትና በአሥራ ዘጠኝ መካከል የነበረው ልጅ ግን የሚነሣው አልፎ አልፎ፣ ያውም «አንባቢ» በሚል የወል ስም ተጠቅልሎ ነው። ይህ ዕድሜ በቋንቋው ስም አላጣም፤ ወንዱ ጎረምሳ፣ ሴቷ ኮረዳ፣ ወቅቱም ጉርምስና ይባላል። ያጣው ለእርሱ ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ለሕፃናት ተረት፣ ለአዋቂዎች ልብ ወለድ ይታተማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልጅ ግን ሲያነብ የኖረው ለሌላ ሰው የተዘጋጀውን፣ አብዛኛውንም ጊዜ የሌላ ሰው ንብረት የሆነውን መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የዚህን አንባቢ ምርጫ ለመረዳት ምን ይወድ እንደነበረ ከመጠየቅ በፊት መጽሐፉ በየትኛው መንገድ፣ ለስንት ቀን፣ በማን ፈቃድ ወደ እጁ ይደርስ እንደነበረ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የመንገዶቹ ሁሉ መነሻ ንባብ ቤት ነው። ንባብ ቤት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ሲሆን ተማሪው በየኔታ፣ ማለትም በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በተራ ከቆጠረ በኋላ፣ ተራው በተለወጠበት በአቡጊዳ እያንዳንዱን ፊደል በእርግጥ መለየቱን ያስመሰክራል፤ ከዚያም ፊደለ ሐዋርያ ተብሎ ወደሚጠራው ወደ መጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ይሻገራል። የደረጃው ፍጻሜ መዝሙረ ዳዊት ነው። ዳዊቱ 150 መዝሙሮችን ብቻ ሳይሆን የነቢያትን ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይንና ውዳሴ ማርያምን አጠቃልሎ የሚይዝ በመሆኑ ተማሪው አንዱን ጥራዝ በተለያየ የአነባበብ ስልት ደጋግሞ ይወጣዋል፤ ቃሉን ጎትቶ በዝግታ በሚያነብበት በግእዝ ይጀምርና በውርድ ንባብ አልፎ ሳይደናቀፍ፣ ሳይጣደፍ በሚያነብበት በቁም ንባብ ይፈጽማል። በዚህ ሂደት ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች፣ ማለትም የቃሉ ድምፅ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚወስኑትን ሕጎች በጆሮው ይለምዳቸዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ የተማረ ልጅ ነው፤ ወላጆቹም እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ።

ይህ ሥርዓት በወጣቱ አንባቢ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው፣ ንባብ ከሁሉ አስቀድሞ የድምፅ ሥራ መሆኑ ነው። የሚነበበው ቋንቋ ግእዝ በመሆኑና ምሥጢሩ የሚገለጠውም ከብዙ ዓመት በኋላ በትርጓሜ ቤት በመሆኑ፣ ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ ዜማውን፣ ምቱንና ማረፊያውን ያውቃል፤ ለዚህም ነው በኋላ ዘመን አማርኛ ልብ ወለድ ያነሣ ብዙ ተማሪ ጮክ ብሎ ማንበብን እንደ ልጅነት ጉድለት ያልቆጠረው። ሁለተኛው፣ መጽሐፍ የግል ንብረት አለመሆኑ ነው። ብራና ከፍየልና ከበግ ቆዳ ተፍቆ የሚዘጋጅ፣ ቁም ጸሐፊ የሚባለው ባለ ሙያ ለወራት የሚደክምበት ውድ ዕቃ ስለ ነበረ በአንድ ዳዊት ዙሪያ ብዙ ልጆች ይቀመጡ ነበር። ከመንደሩ ርቆ በየደብሩ የሚዞረው፣ በለምዱና በአኩፋዳው የሚታወቀው የቆሎ ተማሪም ከቦታ ቦታ ይዞት የሚሄደው እውቀት በአብዛኛው በቃሉ የያዘውን ነበር። በጉርምስና ዕድሜ ላይ የሚገኘው ይህ ተማሪ የተፈቀደለትን ብቻ አላነበበም። ገድልና ተአምር ጀብዱን የሚሻውን ልቡን ሲያረኩለት፣ የዕፅዋትን ጠባይ የሚዘረዝረው ዕፀ ደብዳቤና የአስማት ጽሑፎች ደግሞ ከየኔታ ዓይን ተሰውረው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ፣ በድብቅ የሚገለበጡ ጥራዞች ነበሩ። መጽሐፍን ሸሽጎ የማንበብ ልማድ ከልብ ወለድ በፊት የተወለደ ነው።

በሙስሊሙ ማኅበረሰብም ልጁ ሉሕ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርኣንን እየጻፈና እያጠበ ሲማር፣ በወሎ ደግሞ ዐጀሚ በሚባለው ስልት፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ የተሰናዱ መንዙማዎች ከጽሑፍም ከቃልም ይተላለፉ ነበር። በዚህም ወገን ቢሆን ንባብና ዜማ የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም።

ኅትመት ሲመጣ አዲስ ነገር የሆነው የመጽሐፉ መብዛት ብቻ አይደለም። በ1900 አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ያሳተመውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ሥራ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ መውጣቱ፣ ልብ የወለደው፣ ያልሆነ ነገር ግን ሊነበብ የሚገባው ታሪክ አለ የሚለውን አሳብ ለአማርኛ አንባቢ አስተዋወቀ፤ ርእሱም የጠቅላላው የአጻጻፍ ዘርፍ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የታሪኩ ባለቤት የወንድ ልብስ ለብሳ አገር የምታቋርጥ ወጣት ሴት መሆኗ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀመር ማዕከሉ ላይ የቆመችው አዋቂ ሳትሆን በጉርምስናዋ ወራት ያለች ልጅ ነበረች። ሆኖም ቀጣዩ ዘመን ይህን መንገድ ቶሎ አልተከተለም። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ያሳተሙት «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ርእሱ ራሱ እንደሚናገረው ወጣቱን የሚያየው ምክር እንደሚቀበል ልጅ ነው፤ በ1915 የወጣው «ወዳጄ ልቤ» ደግሞ ታሪክን የምግባር ማስተማሪያ አድርጎ ያቀርባል። ራስ ተፈሪ በ1914 ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራውን እያሰፋ፣ በ1917 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትና በ1924 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ ዓይነት ተማሪ እያፈሩ ሳሉ የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ አቋረጠው።

ከነጻነት በኋላ የወጣቱ ንባብ በትምህርት ቤት ዙሪያ ተሰባሰበ። በ1936 የተቋቋመው፣ በግእዝ ስሙ «ወመዘክር» እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለአዲስ አበባ ተማሪ የንባብ አዳራሽ ሆነለት። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ግጥሞቹ በቃል እየተያዙ በክፍል ፊት ስለሚነበነቡ በእርግጥ የድሮውን የንባብ ቤት ልማድ በአዲስ ይዘት የቀጠለ መጽሐፍ ነበር። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ውጭ አገር ተምሮ አገሩን ሊያገለግል የሚመለስ ወጣት አሳይቶ ለተማሪው ራሱን የሚያይበት መስተዋት ሲሰጠው፣ በ1948 ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» በምሽት ሲነገር የኖረውን ተረት በወረቀት ላይ አኖረ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እየሆነ በመሄዱ ደግሞ የተማሪው ንባብ ለሁለት ተከፈለ፤ እንግሊዝኛው የፈተናና የወደፊት ኑሮ፣ አማርኛው የልብና የእረፍት ንባብ ሆነ። ይህ ክፍፍል ብዙ ጊዜ እንደ ጉዳት ብቻ ይታያል፤ ነገር ግን የአማርኛውን ልብ ወለድ ከግዴታ ቀንበር በከፊል ነጻ ማውጣቱንና ወጣቱ በገዛ ፈቃዱ ሊወደው የሚችለው ነገር እንዲሆን ማድረጉን መካድ አይቻልም።

በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ፍቅር በሙላት የተቀበለ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ረጅም፣ ክብደቱም ለአዋቂ የታሰበ ነው፤ ስለ ባላባታዊ ሥርዓት፣ ስለ ርስትና ስለ ዘር ትምክህት ይመረምራል። ወጣቱ አንባቢ ግን የገባው በሌላ በር ነበር። በዛብህ ከቅኔ ቤት የመጣ ድሃ የተማረ ወጣት ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ በአባቷ ቤት ተዘግታ የኖረች ልጅ ናት፤ ሁለቱን ያገናኛቸውም እርሱ እንዲያስተምራት መቀጠሩ ነው። በአማርኛ ከሁሉ በላይ የተወደደው የፍቅር ታሪክ በንባብ ትምህርት ላይ መመሥረቱን ተቺዎች ከሚገባው በታች ያነሡታል፤ በጋራ መጽሐፍ ላይ አብረው አጎንብሰው ለሚያነቡ የክፍል ጓደኞች ግን ይህ ትዕይንት የሩቅ ዘመን ወሬ ሳይሆን የራሳቸው ሕይወት ነበር።

መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ የማይችለው እጅግ የሚበዛው ወጣት ደግሞ ያገኘው በጆሮው ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የቴአትሩ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተከፋፍሎ በተከታታይ ሲተርከው፣ ለሰብለ አባት ለፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ፣ ሥርዓቱን ለሚተቸው ለጉዱ ካሣ ምፀት፣ ለሰብለ ኀዘን ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው በዓይኑ ሲያነብ በጆሮው የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ሆኖ ኖረ። ሬዲዮ የሌለው ጎረቤት ሬዲዮ ወዳለው ቤት እየሄደ ያዳምጥ ስለ ነበር መተረክና ማዳመጥ በድጋሚ የጋራ ሥራ ሆነ፤ ቀጣዩን ክፍል መጠበቅም ለወጣቱ ትዕግሥትንና ግምትን አስተማረው። በንባብ ቤት የተተከለው የድምፅ ባህል በቴክኖሎጂ ታግዞ የተመለሰበት ይህ ወቅት በአማርኛ ንባብ ታሪክ እጅግ የከበረ ምዕራፍ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በወጣበት ዘመን የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በመከልከሉ ምክንያት ይበልጥ ተፈላጊ ሲሆን፣ በ1962 የወጡት የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ደግሞ ለሁለት ዓይነት አንባቢ የተጻፉ ያህል የተለያየ ዕድል ገጠማቸው፤ የመጀመሪያው በከተማዊ ለዛው ወጣቱን ወዲያው ሲማርከው፣ ሁለተኛው በቋንቋው ጥልቀትና በአወቃቀሩ ውስብስብነት ምክንያት ቀስ ብሎ የሚነበብ መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ ትናንት አንባቢ የነበረው ወጣት ዛሬ ፊደል አስቆጣሪ ሆነ፤ በ1971 የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ይህንኑ በሰፊው ቀጠለበት። መንግሥታዊው አሳታሚ ድርጅት ስሙን ከኩራዝ፣ ማለትም ድሃው ቤት ከሚያመሽባት ትንሽ የጋዝ መብራት መውሰዱ የዘመኑን ምኞት ያሳያል። ፕሮግረስ የተባለው የሞስኮ አሳታሚ ወደ አማርኛ እያስተረጎመ የሚልካቸው መጻሕፍት በርካሽ ይሸጡ ስለ ነበር የማክሲም ጎርኪ «እናት» በአንዳንድ ቤት ከዳዊቱ ጎን ተቀመጠ።

የዚህ ዘመን ወጣት እውነተኛ ቤተ መጻሕፍት ግን የኪራይ ቤቱ ነበር። የመጽሐፍ ኪራይ ማለት አንባቢው መያዣ፣ ማለትም መጽሐፉ ሲመለስ የሚመለስለትን ገንዘብ ወይም መታወቂያውን አስይዞ፣ ለእያንዳንዱ ቀን ጥቂት ሳንቲም እየከፈለ መጽሐፍ የሚወስድበት አነስተኛ ንግድ ነው። ቦታው ብዙ ጊዜ ከሱቅ ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል፣ አንዳንዴም በትምህርት ቤት አቅራቢያ የምትገኝ የቆርቆሮ ኪዮስክ ትሆናለች፤ መጻሕፍቱ በጋዜጣ ወይም በላስቲክ ተለብጠው፣ ጀርባቸው በክር ተሰፍቶ፣ በደብተር ተመዝግበው ይደረደራሉ። ባለ ኪራዩ ራሱ አንባቢ ከሆነ ምክሩ ከማንኛውም ተቺ ጽሑፍ ይበልጥ ይሰማ ነበር፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሚያስለቅስ፣ የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሣ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

የዚህ ንግድ አሠራር በወጣቱ ምርጫ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ እስካሁን ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም። ክፍያው በቀን የሚሰላ በመሆኑ ቶሎ የሚነበብ መጽሐፍ ርካሽ፣ ቀስ ብሎ የሚነበብ መጽሐፍ ውድ ነው፤ ስለዚህ «አደፍርስ»ን የመሰለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ቆም ማለትን የሚጠይቅ ሥራ በጽሑፍ ጉድለት ሳይሆን በቀን ሒሳብ ተሸነፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንጻሩ ገጽ የሚያስገለብጥ ሴራ ያለው ታሪክ ነገሠ። ማሞ ውድነህ በትርጉምና በድርሰት ያቀረቧቸው የስለላና የጦርነት መጻሕፍት፣ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን»ን የመሰሉ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄዱ የፍቅር ታሪኮች ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሳያርፉ የሚዞሩት በዚህ ምክንያት ነበር። አንዱ በከፈለበት ሌሎቹ እንዲያነቡ ጓደኛሞች ሌሊቱን ለሁለት ለሦስት ይካፈሉታል፤ ተራው ያልደረሰው በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ታሪኩን ተተርኮለት ይሰማል። በጥሩ ሁኔታ የሚተርክ ልጅ ሳንቲም ባይኖረውም መጽሐፍ አያጣም ነበር። የመጨረሻ ገጾቹ የወደቁበት መጽሐፍ ሲያጋጥም ደግሞ አንባቢዎቹ ፍጻሜውን በየራሳቸው ግምት ያሟሉታል፤ ይህ ልማድ በኋላ ደራሲ የሆኑትን ሰዎች ከመማሪያ ክፍል ያላነሰ ሳያሠለጥናቸው አልቀረም።

በወላጅ ዓይን ልብ ወለድ ጊዜ አባካኝ ነበር። የተማሪ ቁም ነገር ፈተና፣ የፈተና ቁም ነገር ደግሞ የትምህርት መጽሐፍ በመሆኑ፣ ሰፊው የባዮሎጂ ወይም የታሪክ መማሪያ ተከፍቶ በውስጡ ትንሹ ልብ ወለድ ተደግፎ መነበቡ በብዙ ቤት የተለመደ ጥበብ ሆነ። በሴት ልጅ ላይ ቁጥጥሩ ይብስ ነበር፤ የቤት ሥራው ስለማያሳርፋትም ንባቧ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የሚጀመር፣ ስለዚህም ከወንዱ ይልቅ በዝምታ የሚካሄድ ንባብ ነበር። መንግሥትም እንደ ወላጅ ይከለክል ነበር። በ1975 የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ሲለቀም የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ መዞር ጀመሩ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ደብዛው ጠፋ። ይህን መጽሐፍ በጋዜጣ ሸፍኖ ያነበበ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ንባብ ሊያስከፍል የሚችለውን ዋጋ የተማረው ከማንም ስብከት ሳይሆን ከሽፋኑ ነው። በዚያው አብዮታዊ ሥርዓት እስር ቤት የነበረው ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ እየጻፈ ተርጉሞት፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሞ በኪራይ ቤቶቹ መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈ።

በ1985 የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቅድመ ሳንሱርን ካስቀረ በኋላ ገበያው በትርጉም ሥራዎች፣ በተለይም እንደ ሲድኒ ሼልደን ባሉ ደራስያን መጻሕፍት ተጥለቀለቀ፤ ፍቅረ ማርቆስ ደስታ የሐመርን ሕዝብ ሕይወት የሚያሳዩ ልብ ወለዶቹን ይዞ ሲመጣ ወጣቱ የገዛ አገሩን ሩቅ ማዕዘን በመጽሐፍ ጎበኘ። በ2001 የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ገዳምን፣ ሳይንስንና ስለላን በአንድ ሴራ አጋጥሞ ብዙ ወጣት አንባቢ አገኘ። ደራሲው ራሱ ገና ወጣት ነበር። ማሞ ውድነህ ባስለመዱት የስለላ ጣዕምና በገድሉ የተአምር ጣዕም መካከል የተወለደ መጽሐፍ መሆኑን ያስተዋለ ሰው የስኬቱን ምክንያት ሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም።

ለልጆች ተብሎ የሚዘጋጅ መጽሐፍን ጉዳይ በቁም ነገር ካነሡት አንዱ በስደት የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በመደርደሪያዎቹ ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩ አንገብግቦት፣ የማሞ ቂሎን ተረት በሁለት ቋንቋ አሳትሞ፣ በ1995 በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ያተኮረው ግን በትንንሾቹ ላይ ስለ ነበር መካከለኛው ዕድሜ አሁንም ከሁለቱ መደርደሪያዎች መካከል ቆሞ ቀረ። በ2014 የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፊ የንባብ ቦታ ጨምሯል። የኪራይ ቤቶቹ እየተመናመኑ ሲሄዱም ወጣቱ ስካን የተደረገ መጽሐፍ በስልኩ ከጓደኛው ጋር ይቀባበላል፤ በሌሊትም የተተረከ መጽሐፍ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ደራሲው ከዚህ ቅብብል የሚያገኘው ገቢ የለም፤ ይህም ዛሬ በግልጽ ሊነሣ የሚገባው ጉዳት ነው።

አሳታሚዎች ከየሥራዎቻቸው ቅጂ እንዲያስገቡለት በሕግ የተደነገገለት ወመዘክር የአማርኛ መጻሕፍትን ሽፋናቸው ሳይላላ፣ ገጻቸው ሳይጎድል አስቀምጧቸዋል። በላስቲክ የተለበጡት፣ ዳር ዳራቸው በእጅ ላብ የጠቆረው፣ ቀድሞ ያነበበው ልጅ «ይህን ሳታለቅስ አታነበውም» ብሎ በእስክሪብቶ የጻፈባቸው የኪራይ ቅጂዎች ግን እስኪበታተኑ ከተነበቡ በኋላ ለጉልት ቸርቻሪዎች በኪሎ ተሸጡ፤ ገጾቻቸውም አንድ በአንድ እየተገነጠሉ ቆሎና ቅመም ተጠቀለለባቸው።